ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታና ወረራ ስለሚባለው አጀማመሩ

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አንድ ጨዋታ ይዘው ሲቀመጡ አንደኛው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ፥ ሁለተኛውም ሁልጊዜ የሚሸነፍ የሆነ እንደ ሆነ ጨዋታው ብዙ ቀን አይቈይም። ተሸናፊው ይተወዋል፤ አሸናፊውም ብቻውን ይቀራል። ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አግኝቼ ሳይሆን ባለፈው ክረምት በባሕር ዳር በእኅቴ ቤት ሳለሁ በዓይኔ አይቼ ነው።

የእኅቴ ቤት ከጣና ሐይቅ ዳር ሩቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ዝናሙ ባባራ ጊዜ በበረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው፥ ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎች ዓሣቸውን ይዘው ሲመለሱ ያያል፤ የዘጌም ደን በሩቁ እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታየዋል። በዚሁ በረንዳ ላይ የዐሥራ አራት ዓመቱ የእኅቴ ልጅና የዐሥራ አንድ ዓመት እኅቱ ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤት ከጓደኞቹ አንዲት ወጥመድ ተምሯል፤ እርሷም በአራት እርምጃ ብቻ የምትፈጸም ናት። ነጩን ይዞ የሚጫወተው ሰው ከንጉሡ ፊት ያለችውን ወታደር ያራምድና ንግሥቲቱንና አንደኛውን ጳጳስ አከታትሎ ያወጣል። የሁለቱም ዓይን በአንድ ቤት ላይ ነው፤ ይኸውም በጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ የቆመች፥ ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠባቂ የሌላት የአንዲት ወታደር ቤት ነው። ባላጋራው ይህን ሳያስተውል ሌላ ሥራ ሲሠራ ንግሥቲቱ ያችን ወታደር በልታ ከንጉሡ አጠገብ ትቆማለች። ንጉሡ እንዳይበላት ጳጳሱ ከሩቅ ሆኖ ይጠብቃታል፤ መሸሻም የለውም፤ ጨዋታው አለቀ።

እንግዲህ ልጅቱ በዚህች በአንዲት ወጥመድ ሰባት ጊዜ ተከታትላ ወደቀች። በስምንተኛው ጊዜ ሰሌዳውን ገፍታ «ከእርሱ ጋራ አልጫወትም» ብላ ተነሣች። ልጁም «ሕጉ አይከለክልም» አለ። እናታቸው ወደ እኔ ዘወር ብላ «ጋሼ፥ አንቱ ከችሎት የኖሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱ» አለችኝ። እኔ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ ቢሆንም የችሎት ሰው ልማድ አይለቀኝምና ነገሩን መርምሬ ልመለስ ብዬ ለእሑድ ቀጠርኋቸው።

ወጥመድ ማጥመድ በቼዝ ዘንድ ነውር አይደለም። ገና በመክፈቻው አንዲት ወታደር ለባላጋራ ማስበላትና በእርሷ ዋጋ ፈጥኖ ማጥቃት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ጋምቢት ይባላል። ሩይ ሎፔዝ የተባለው የእስፓንያ ቄስ በ1561 ባሳተመው የቼዝ መጽሐፍ በዚህ ቃል ተጠቅሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፥ የአውሮፓውያን ናቸው)። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የተገኘ ሲሆን በትግል ጊዜ የባላጋራን እግር ጠልፎ መጣልን ያመለክታል። በእኛም አገር ትግል ያደገ ሰው ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል፤ የሚጠልፍ ሰው እግሩን መጀመሪያ ወደ ባላጋራው ያስጠጋል፥ ይህንም ሲያደርግ ራሱ ለመውደቅ ይቀርባል።

በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ከተማ ካፌ ደ ላ ሬዣንስ በሚባለው ቡና ቤት ይጫወት የነበረ ሌጋል የሚባል መኰንን ነበረ፤ ዝነኛውን ፊሊዶርን ያስተማረው እርሱ ነው። በስሙ የምትጠራው ወጥመድ እንዲህ ናት። ፈረሱ ንግሥቲቱን ከመከለል ተነሥቶ አንዲት ወታደር ይበላል፤ ንግሥቲቱ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው። ባላጋራው ይህን የመሰለ ሲሳይ አግኝቶ እንዴት ይተዋል? በጳጳሱ ይበላታል። ከዚያ በኋላ በሁለት እርምጃ ንጉሡ በአንድ ጳጳስና በሁለት ፈረሶች ተከቦ ይያዛል። በ1851 ደግሞ አንደርሰን የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ መምህር በለንደን ከኪዘሪትስኪ ጋራ ሲጫወት መጀመሪያ አንድ ጳጳስ፥ ቀጥሎ ሁለቱንም ግንብ፥ በመጨረሻም ንግሥቲቱን አስበልቶ በቀሩት በሁለት ፈረሶችና በአንድ ጳጳስ ንጉሡን ያዘ። ይህ ጨዋታ የማይሞተው ጨዋታ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል።

እነዚህን ሦስቱን፥ ማለት የእኅቴን ልጅ ወጥመድ፥ የሌጋልን ወጥመድና የአንደርሰንን መሥዋዕት፥ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የሚቻል አይመስለኝም። የመጀመሪያይቱ የምትሠራው ባላጋራው ያላየ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ያየ እንደ ሆነ ግን በአንዲት ወታደር ወይም በፈረሱ ንግሥቲቱን ያባርራታል፤ ከቦታ ቦታ ስትሸሽም አጥቂው ጊዜውን ያባክናል። የሌጋል ወጥመድ ከዚህ ትሻላለች፤ ባላጋራው ንግሥቲቱን ባይበላ እንኳ አጥቂው አንዲት ወታደር አትርፎ ይነሣል። አንደርሰን ግን ሁሉን ያደረገው በግልጥ ነው። እያንዳንዱ መሥዋዕት ሲቀርብ ኪዘሪትስኪ ያያል፤ ማየቱ ግን አላዳነውም። በችሎትም እንዲሁ ሁለት ዐይነት ተከራካሪ አይቻለሁ። አንደኛው ሰነዱን ደብቆ ይቈይና በመጨረሻው ቀን ያወጣዋል፤ ዳኛው ሰነዱን ባይቀበለው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለተኛው የሰነዱን ግልባጭ አስቀድሞ ለባላጋራው ይሰጣል፤ ባላጋራውም ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ጧት መልስ ያጣለታል።

ወደ ሰንጠረዥ የምመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል በየቀኑ በእጃችን እንይዘዋለን። እኔ የመዝገቡን ቍጥር፥ የቀጠሮውን ቀን፥ የባለ ጉዳዮቹን ስም በሰንጠረዥ ከፍዬ ስጽፍ ስንት ዓመት ሆነኝ። ይኸው ስም ግን በመሥመር የተከፋፈለ ወረቀት ስም ብቻ ሳይሆን አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረ የጦርነት ጨዋታ ስም ነው። ጥንቱ ከህንድ ነው፤ በህንድ ቋንቋ ቻቱራንጋ ማለት አራት ክፍል ማለት ሲሆን የዝሆኑን፥ የሠረገላውን፥ የፈረሱንና የእግረኛውን ጦር ያመለክታል። ከዚያ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻገረ፤ ዐረቦች ሻጥራንጅ አሉት፤ እኛም ሰንጠረዥ አልነው። የእኛ ሰንጠረዥ የጥንቱን ስሞች ሳይለቅ መቈየቱ ያስደንቃል። ፈረንጆች ንግሥት ባሏት ቦታ በእኛ ዘንድ የሚቆመው ፈርዝ ነው፤ በፋርስ ቋንቋ አማካሪ ማለት ነው፤ መስኮቦችም ንግሥቲቱን እስከ ዛሬ ፈርዝ ይሏታል። እንግሊዞች ጳጳስ፥ ፈረንሳዮች እብድ የሚሉት በእኛ ዘንድ ፊል ነው፤ በዐረብ ቋንቋ ዝሆን ማለት ነው፤ እስፓንያውያንም አልፊል ይሉታል። አንዱን ዝሆን አንዱ አገር ጳጳስ አድርጎ ሲሾመው ሌላው አገር እብድ ማለቱ ያስቃል።

ሰሌዳው ስምንት በስምንት ሆኖ ስድሳ አራት ቤት አለው፤ ነገር ግን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ነጭና ጥቁር ተደርጎ አይቀባም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ መሥመር ብቻ ይደረግበታል። በየማዕዘኑ ደር ይቆማል፤ እንደ ቼዝ ግንብ በቀጥታ የሚሄድ ነው። ቀጥሎ ፈረስ፥ ቀጥሎ ፊል፥ በመካከል ንጉሥና ፈርዝ፥ ከፊታቸውም ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊልም በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ በሁለተኛው ያርፋል። እንግዲህ እንደ ፈረንጆች ንግሥት ሰሌዳውን በአንድ ጊዜ የምታቋርጥ ኃይለኛ የለችም፤ የአራቱ እርምጃ ወጥመድም በዚህ ሰሌዳ ላይ ከቶ አትሠራም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አጀማመሩ ነው፤ ወረራ ይባላል። በቼዝ አንዱ ሲሄድ ሁለተኛው ይጠብቃል፤ በሰንጠረዥ ግን አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ ያሻቸውን ያህል፥ በፈለጉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ዐሥር እርምጃ የሄደ ሰው ሦስት የሄደውን አይከስሰውም። ደግሞም አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የሄደበትን መልሶ ሌላ መሄድ ይችላል፤ ፈረሱን ወደ ቀኝ ያወጣ ሰው ባላጋራው በደር መንገዱን ሲዘጋበት ፈረሱን መልሶ በግራ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ የሚያበቃው አንደኛው የሌላውን መደቅ ወይም ሌላ ነገር በበላ ጊዜ ነው። ከዚያች ከመጀመሪያይቱ መብላት በኋላ ተራ ይገባል፤ መመለስም ይቀራል።

የዚህን ትርጕም እስቲ እናስተውል። የመጀመሪያውን የሚበላ ሰው የወረራውን በር የሚዘጋው እርሱ ነው፤ ተራውም ወደ ባላጋራው ያልፋል። ስለዚህ ጦሩን አሰልፎ የጨረሰ ብልህ ሰው አንዲት መደቅ ወደ ፊት ያወጣና ያስጐመጃል። ባላጋራው ገና ግማሹን ጦር ሳያሰልፍ ያችን መደቅ የበላ እንደ ሆነ፥ ያልተሰለፈው እንዳልተሰለፈ ይቀራል፤ የመጀመሪያውም ምት የባለ መደቁ ይሆናል። ወጥመድ ነው፤ ሆኖም የተደበቀ ነገር የለበትም። ሁለቱም ሁሉን ያያሉ፤ እንዳይበላ የከለከለው የለም፤ ከመብላቱ በፊት የቀረውን ጦር ለማሰለፍም ጊዜ ነበረው። የሚጥለው የገዛ ችኰላው ነው።

ስለዚህ ጨዋታ በዝርዝር ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ የኖረው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለችው በደብረ ታቦር፥ በራስ ዐሊ አደባባይ ነበር፤ በ1849 በራስ ዐሊና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተደረገውን ውል ያስፈጸመ እርሱ ነው። በ1860 በጎንደር አቅራቢያ ሽፍቶች አቍስለውት ሞተ፤ ጽሑፉንም ወንድሙ ሰብስቦ በ1868 በለንደን አሳተመው። ከእርሱም በፊት ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬው ገዥ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ መጥቶ ሲጫወቱ አይቷል። ሶልት እንደ ጻፈው ዕቃዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፥ ትላልቅና ሥራቸው ሻካራ የሆነ ነበሩ፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ዕቃ ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስነሣዋል፤ በዙሪያው ያሉትም ሁሉ በጩኸት ይመክራሉ። ከዚያም ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል።

ለእኅቴ ልጅ ለሴቲቱ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የነገርኋት ስለ እቴጌ ጣይቱ ነው። እቴጌ በልጅነታቸው ከባሕር ዳር በስተደቡብ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በደብረ መዊ እንደ ኖሩና እንደ ተማሩ ይነገራል፤ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ያውቁ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓመተ ምሕረት በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበ ጊዜ፥ በጦር ደፍሮ መግባት ብዙ ሰው አስጨርሶ ሳይሳካ ከቀረ በኋላ፥ ከምሽጉ ውጭ ያለውን ምንጭ መያዝ ይሻላል ብለው የመከሩት እርሳቸው ናቸው ይባላል። ምንጩ ተያዘ፤ በምሽጉ ያለው የኢጣልያ ጦር ውኃ ጠምቶት ለቀቀ። ይህን ከሰንጠረዥ ተማሩት አልልም፤ ማስረጃ የሌለው ነገር መጻፍ ለጸሐፊ አይገባውም። ልጅቱ ግን ከሰማች በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየች።

አንድ ነገር ልጨምር። በቼዝ ንጉሡ በማንም ይያዝ በማን ድሉ አንድ ነው። በሰንጠረዥ ግን አያያዙ ማዕርግ አለው። በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቈጠራል፤ ጕልበተኛ ምን ያቅተዋል? በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል፤ በመደቅ የያዘ ከሁሉ የበለጠ ይከበራል። ደግሞም ንጉሡን ጦሩን ሁሉ ጨርሰው ብቻውን ካስቀሩት በኋላ መያዝ አይፈቀድም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ይህ ሕግ ሆዳም ተጫዋችን የሚቀጣ ነው። አንደርሰን በለንደን ንጉሡን የያዘበት የመጨረሻው እርምጃ በጳጳስ፥ ማለት በእኛው ፊል፥ የተደረገ ነውና በራስ ዐሊ አደባባይ ቢሆን ኖሮ ያስመሰግነው ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓው ቼዝ እየተስፋፋ ሲሄድ ሰንጠረዥ ከመኳንንቱ አዳራሽ እየጠፋ ሄደ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታሪኩንና ሥርዐቱን ባይጽፉልን ኖሮ ከቀረው ብዙው በተረሳ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእኅቴ ዘንድ ቀይ ጨርቅ ለምኜ ሰባት መሥመር ወደ ታች፥ ሰባት መሥመር ወደ ጎን በከሰል አሰመርሁ። ለዕቃው ሠላሳ ሁለት የጠርሙስ ቆርኪ ሰበሰብን፤ ዐሥራ ስድስቱ ቀይ፥ ዐሥራ ስድስቱ ብጫ። በየቆርኪው ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ፈርዝም ፈረስም ፊልም በአንድ ቤት ፊደል ስለሚጀምሩ ሙሉ ስማቸውን በጥቃቅን ፊደል መጻፍ ግድ ሆነ። ሕጉን አንድ በአንድ ካስረዳኋቸው በኋላ ፍርዴን እንዲህ ስል ሰጠሁ፤ ወንድየው በቼዝ ያን ወጥመድ መሥራት ይችላል፥ አልከለክልም፤ ነገር ግን ዛሬ በዚህ ጨርቅ ላይ ይጫወታል።

ልጁ ወረራውን እንደ እሩጫ ቈጠረው። እጁ እየተጣደፈ ሁለቱን ፈረሶችና አንዱን ደር ወደ ፊት አወጣ፤ በንጉሡ ዙሪያ ያሉትን ግን አልነካቸውም። እኅቱ ቀስ ብላ ትሄዳለች፥ ታያለች፥ ትመልሳለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ ፈርዟን አውጥታ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ወንድሟም «ፍጠኚ እንጂ» አላት፤ እርሷ ግን አልመለሰችለትም። ከዚያ በኋላ በግራ በኩል አንዲት መደቅ ብቻዋን ወደ ፊት ገፋች። ልጁ ፈረሱን አንሥቶ፥ ልክ ሶልት እንደ ጻፈው፥ መደቂቱን መትቶ ከጨርቁ ላይ አስፈነጠራት። እርሷም ወዲያው በጎን ባለችው መደቅ በሰያፍ ፈረሱን በላችው፤ መደቂቱ መሥመሯን ስትለቅ ከኋላዋ የቆመው ደር እስከ ንጉሡ ሰፈር ድረስ መንገዱ ተከፈተለት። ልጁ አይቶ «ልመልሰው» አለ። እኔም የበላ አይመልስም አልሁት።

ይህ ሲሆን ጨዋታው አለቀ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ልጁ ብልህ ነው፤ ንጉሡን ከደሩ መንገድ አሸሽቶ እስከ ማታ ታገለ። ልጅቱ ግን ማጥቃት አንዴ ከጣማት በኋላ ያገኘችውን ሁሉ ትበላ ጀመር። ታንኳዎቹ ሲመለሱ ልጁ ንጉሥና አንድ ፊል ብቻ ቀርተውት ነበር። በሁለት እርምጃ በመደቅ ልትይዘው ትችል ነበር፤ እኔም አየሁት፥ ነገር ግን ጸሐፊ በችሎት መካከል አይናገርምና ዝም አልሁ። እርሷ ፊሊቱን አየቻት። በላቻት። ልጁም ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣና «ብቻውን ቀረ! ብቻውን ቀረ!» ብሎ ጮኸ።

እኔም በሕጉ መሠረት አሸናፊ የለም ብዬ ፈረድሁ። ልጅቱ ፊቷ ቀላ፤ እንባዋም መጣ፤ ሆኖም ሰሌዳውን አልገፋችም። ይግባኝ ብላ ወደ እናቷ ሄደች። እናቷም እራት ቀርቧል ብላ መዝገቡን ዘጋችው።

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ማልጄ ብነሣ ሁለቱን በበረንዳው ላይ ጨርቁን ዘርግተው አገኘኋቸው። ሌሊቱን አንድ ቆርኪ ጠፍቶ ኖሯል፤ በፊሉ ፈንታ አንዲት የዘጌ ቡና ፍሬ አስቀምጠዋል። ልጁ ፈረሶቹን ገና ከቦታቸው አላንቀሳቀሰም፤ እኅቱም የእርሱን እጅ ትመለከት ነበር።